ለሐኪም ያልነገርኩት ምች

መጋቢት 3 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40። ጎንደር ዳር፣ ፀዳ በሚባለው ሠፈር ባለው ቤታችን የመኝታ ክፍሉን መጋረጃ ስገልጥ ቀኝ ዓይኔ ብርሃን መቋቋም አቅቶት ተጨፈነ። በጣቴ ልከፍተው ሞከርኩ፤ እንባ ብቻ ወረደ። ግራ ዓይኔ ደህና ነበር።

ሰዓቱን የማውቀው ስለመዘገብኩት ነው። ሃያ አንድ ዓመት በሬዲዮ ዜና ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ማስታወሻ ደብተር ከአልጋዬ አጠገብ አይጠፋም። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ይህንም የማወጣው ከዚያው ደብተር ነው። አንድ ነገር ብቻ ሳልጽፍ ቀረሁ። ያንኑ አንድ ነገር ሦስት የጤና ባለሙያዎች በየተራ ሲጠይቁኝም አልተናገርኩም። ዓይኔን ላጣ የደረስኩት በዚያ ነው። እንደ እኛ ቤት ባለ ቤት ያደገ ሰው ይህን ቢያነብ ይጠቀማል ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ የካቲት 29፣ ለአንድ ዘገባ ወደ ዳባት ደጋ ወጥቼ ነበር። ገበሬዎች የድንች ዘር እንዳይበሰብስባቸው ስለሠሩት ማከማቻ ነበር ዘገባው። ማከማቻው ያለው ገላጣ ተረተር ላይ ነው። ጃንጥላዬን ማኪና ውስጥ ትቼ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋልኩ። እሑድ የከንፈሬ ጫፍ መለብለብ ጀመረ። ሰኞ ውሃ የያዙ ጥቃቅን ፊኛዎች ተደርድረው ወጡበት።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አባቴ ጎንደር ከተማ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ መሪጌታ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ እኔ ጋ መጣች። ገና ስታየኝ ገባት።

«መታሽ አይደል?» አለችኝ። «ምች ነው። ባዶ ራስሽን ፀሐይ ላይ ውለሽ።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እማ።»

«ፀሐይዋ ሥራ ላይ መሆንሽን በምን ታውቅ።»

ከጓሯችን ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችው። ጭማቂውን ከንፈሬ ላይ ቀባችኝ፤ የቀረውን አሸተትኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ይወጣብኛል፤ በሳምንት በአሥር ቀን ደርቆ ይረግፋል። እንግዳ ነገር አልነበረም። በቤታችን ስለ ምች አንድ ሕግ አለ፦ ለሐኪም አይነገርም። ሐኪም ከሰማ መርፌ ይወጋል፤ ምች ደግሞ መርፌ አይወድም፣ ሰው ይገድላል ይባላል። እናቴ ይህን ከእናቷ ሰምታዋለች። እኔ እንዲህ ያሉ አባባሎችን ሰብስቤ አንድ ሰዓት የፈጀ ፕሮግራም ሠርቼባቸው አውቃለሁ፤ በፕሮግራሙም ላይ ስቄባቸዋለሁ። ሳልናገር የቀረሁት ግን እንደሌላው የቤቱ ሰው ነው።

ረቡዕ ዕለት በሠፈራችን ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ምች የወጣበት ሰው አፉን ሸፍኖ ነው ከቤት የሚወጣው፤ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። ያየኝ ወጣት የጤና መኮንን ጨዋና ጠንቃቃ ነበር። የዓይኔን ሽፋን ገልብጦ በባትሪ አየው።

«ሌላ የሚያምዎ ነገር አለ? ትኩሳት፣ ቁስል፣ ምንም ዓይነት?»

«የለም» አልኩት።

እንደ መዋሸት አልቆጠርኩትም። ምች በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ሕመም ከሚባለው ተርታ አልነበረም። ዓይን የሚያቀላ ተላላፊ ሕመም ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ። በያዘው መረጃ ልክ ሠርቷል፤ መረጃውን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

እስከ ቅዳሜ ጠበቅኩ። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ይቆረቁረኛል፤ ብርሃን ማየት አልችልም። መሀል ከተማ ወዳለ ሌላ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያም ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስኩ። ነጠላዬም እንደነበረ ነበር። አለርጂ ሳይሆን አይቀርም ተባለና ጠብታ ታዘዘልኝ። እሑድ ማታ ቅላቱ ጠፋ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ጠብታውን ለባልደረቦቼ አሞገስኩ። ደብተሬ ላይ «ድኗል» የሚል ቃል አለ። አንድ ምንጭ ብቻ ይዤ የጻፍኩት ዜና ነበር።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ፣ የቀን ሰባት ሰዓቱን ዜና ለማንበብ ስቱዲዮ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ ያሉት መስመሮች ተደራርበው ታዩኝ። ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ። ወረቀቱ ጠፋ። የስቱዲዮው መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ባልደረባዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁሉም ነጭ ጉም ሆኑ። እጄን አነሳሁና ዜናውን በግራ ዓይኔ ብቻ አነበብኩት። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ስም ላይ ተሰናከልኩ።

ያስገረመኝ ሕመሙ መቀነሱ ነበር። ዓይኔ አይቆረቁርም፣ አያለቅስም። ዝም ብሎ አያይም።

ሌሊቱን አልተኛሁም። መኝታ ቤቱ ጨለማ ስለነበር ዓይኔ ምን ያህል እንደጠፋ መለካት አልቻልኩም፤ የምፈራውም እሱን ነበር። መለካት የማልችለው ነገር ሁልጊዜ ያስፈራኛል። ባለቤቴ ይርጋ አልተኛም ነበር፤ «ነገ ትልቁ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለኝ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ በማግስቱ የሚፈትነው ክፍል ስለነበረው ብቻዬን እንደምሄድ ነገርኩት።

ሐሙስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የዓይን ክፍሉ ደጅ ደረስኩ። አግዳሚው ሞልቷል። ግራ ዓይናቸው በፋሻ የታሸገ ሽማግሌ ቦታ ለቀቁልኝ። ከወገራ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ስማቸውን ሞላ ብለው ነገሩኝ፤ አያ ሞላ አልኳቸው።

«አንቺስ ምን ሁነሽ ነው?» አሉኝ።

«ዓይኔ ጉም ለበሰብኝ።»

«የኔን የገብስ ጭራ ነው የወጋው። ጥር ላይ፣ ስወቃ።»

«ምነው እስካሁን ቆዩ ታዲያ?»

ባልታሸገው ዓይናቸው አተኩረው አዩኝ። «አጠያየቅሽ የጋዜጠኛ ነው።»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«በይ እንግዲያ በሬዲዮ ተናገሪው። ሸጋ አርገሽ ተናገሪው። ወገራ ላይ ሞላ የሚሉት ሞኝ አለ፣ ዓይኑ እስኪፈስ ራሱ ይድናል ብሎ የጠበቀ፣ በይ።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ካርድ ለማውጣት ስነሳ በቀኜ በኩል ያለውን ደረጃ ሳላየው ቀርቼ ተንገዳገድኩ። አያ ሞላ የነጠላዬን ጫፍ ያዙ።

«አንቺ በግራ እዪ፣ እኔ በቀኝ አያለሁ» አሉኝ። «ሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣናል።»

እንደዚያ ሆነን እስከ ካርድ መስኮቱ ሄድን፤ እንደዚያ ሆነን ተመለስን። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተጠራሁ። ነርሷ ግራ ዓይኔን ሸፍና ግድግዳ ላይ ያለውን የፊደል ሰንጠረዥ አሳየችኝ። ሰንጠረዡን አላየሁትም። ቀርባ ጣቶቿን ዘረጋች። አንድ ሜትር ላይ ስትደርስ ሦስት መሆናቸውን ነገርኳት። ካርዱ ላይ ጻፈች።

«ሌላ ሕመም አለብሽ?»

«የለም።» ሦስተኛዬ ነበር።

ሐኪሟ ጸጉሯ ሽበት የጀመረው፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። መጀመሪያ ያነሳችው መሣሪያ ሳይሆን ጥጥ ነበር። ከጥጡ አንድ ቀጭን ክር መዛ የግራ ዓይኔን ብሌን ጫፍ ነካችበት፤ ሳልፈልግ ጨፈንኩ። ቀኙንም ነካች። ምንም አልተሰማኝም። ደገመችው። ክሩ ሲቀርብ በግራ ዓይኔ አየዋለሁ፤ ቀኙን ሲነካው ግን አልተሰማኝም። ከዚያ ሁሉ ቀን እንደዚያች ደቂቃ የደነገጥኩበት የለም።

ሐኪሟ ክሩን አስቀመጠች። «ነጠላሽን ዝቅ አድርጊው እስቲ» አለችኝ። ከንፈሬ ደርቆ ቅርፊቱ ረግፏል፤ ቦታው ላይ ቀላ ያለ ምልክት ቀርቷል። ጠጋ ብላ አየችው።

«ሰሞኑን ምች ወጥቶብሽ ነበር?»

ሦስቱ ባለሙያዎች «ሕመም» እያሉ ነበር የጠየቁኝ። በቤታችን ስም የጠየቀችኝ እሷ ናት።

«ወጥቶብኝ ነበር።»

«መቼ?»

«መጋቢት አንድ። ዓይኔን ያመመኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእናቴ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ፀሐይ ነው አለች። ዳማከሴ ቀባችኝ።»

«ፀሐይ ማለታቸው ልክ ነው» አለች። «የቀረውን እኔ ልንገርሽ።»

ቢጫ ቀለም የተነከረች ወረቀት ዓይኔን አስነካችና ክፍሉን አጨልማ በሰማያዊ ብርሃን አየችኝ። በመሣሪያው መነጽር በኩል በስልኳ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። በዓይኔ ፊት ለፊት፣ መስታወት በመሰለው ስስ ሽፋን ላይ፣ አረንጓዴ የሚያበራ ቅርንጫፍ ነበር፤ ቅጠሉ የረገፈ ጭራሮ ይመስላል። ወደ መሀል ሲመጣ ግን ቅርንጫፎቹ ተገናኝተው ሰፊ ቁስል ሆነዋል።

የነገረችኝን እዚያው ጽፌዋለሁ። እኛ ምች የምንለው ብዙ ዓይነት ሕመም አለ፤ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፤ ከንፈሩ የቆሰለ ዘመድ ሲስመው ወይም አብሮ ሲበላና ሲጠጣ። ቫይረሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። ፊት ላይ በሚሰራጨው ነርቭ ሥር ይተኛል። ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም ወይም ጭንቀት ሲቀሰቅሰው በነርቩ በኩል ተመልሶ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከንፈር ላይ ነው። አንዳንዴ ግን በዚያው ነርቭ ሌላ ቅርንጫፍ ወደ ዓይን ይሄዳል። ዓይን ላይ ሲወጣ ነርቩን ያደነዝዘዋል፤ ጥጡ ያልተሰማኝ ለዚህ ነው። ሕመሙ የቀነሰው ስለተሻለኝ አልነበረም።

የያዝኩትን ጠብታ ሰጠኋት። ብልቃጡን አዟዙራ አነበበች።

«ይሄ ቅላትን የሚያጠፋ መድኃኒት አለበት። ዓይንሽ እንዳይቆጣ ያደርገዋል። ቫይረሱ ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው፤ የሚከለክለው ሲያጣ ይሰፋል። ለሰጠሽ ሰው ምች እንዳለብሽ ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው በእሱም በአንቺም አልፈርድም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጠብ እንዳታደርጊው።»

«ዓይኔ ይመለሳል?»

«ቁስሉ ይድናል። ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ጠርዝ ላይ ከቀረ ታያለሽ፤ መሀሉን ከያዘው አታዪም። የት እንደሚቀር ዛሬ አላውቅም።»

ሃያ አንድ ዓመት ሰው ጠይቄያለሁ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ስንት ጊዜ እንደገጠመኝ በጣቶቼ መቁጠር እችላለሁ። የዚያን ቀን አላውቅም መባሌ አረጋጋኝ፤ ሌላው የነገረችኝ እውነት መሆኑን አመንኩ።

የታዘዘልኝ በቀን አምስት ጊዜ የሚዋጥ ኪኒንና በቀን አምስት ጊዜ የሚቀባ የዓይን ቅባት ነበር። ቫይረሱን አያጠፉትም፤ እንዳይራባ ይይዙታል። ኪኒኑ ተገኘ። ቅባቱ ግን በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አልነበረም። ፒያሳ ያሉትን አዳረስኩ፤ የለም። በመጨረሻ ማራኪ ሠፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ማዘዣዬን አንብባ ወንበር አቀረበችልኝ። ደንበኞቿን እያስተናገደች በመሀል በመሀሉ ስልክ ትደውላለች። በስድስተኛው ስልክ ኮላ ድባ ከተማ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋ ሁለት ቱቦ መኖሩ ታወቀ። ዓርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ የሚኒባስ ሹፌር በወረቀት የተጠቀለለውን ቅባት አደረሰ። ሹፌሩን አላውቀውም። ስሙን ጠይቄ ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ላይ አላወጣውም፣ እሱ ግን ያውቃል።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ቤት ውስጥ ሌላ ችግር ገባ።

ይርጋ ካርዴ ላይ የተጻፈውን የሕመሙን ስም አይቶ ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዱን ባልደረባውን ጠየቀው፤ ሰውዬው አባላዘር ነው አለው። ይርጋ ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ታንጉት፣ ይሄ ሄርፒስ የሚሉት ነገር ከምንድን ነው የሚይዘው?»

«ከልጅነት ጀምሮ ነው አለችኝ ሐኪሟ። አሁን ዓይኔ ላይ ወጣ።»

«ሰው ግን እንደዚያ አላለኝም።»

«ሰው ምን አለህ?»

ካርዴን አንስቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። ምን እንዳለው ገባኝ። ሐኪሟ የነገረችኝን ላነብለት ደብተሬን አነሳሁ፤ ይርጋ ግን ኮቱን እንደለበሰ ተነስቶ ወጣ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ተመልሶ እጁን ታጠበና ቅባቱን ያዘ። «ቀና በይ» አለኝ። ቀባኝ። «ጨርሻለሁ» አለኝ።

ከዚያች ማታ ጀምሮ እስከ ማክሰኞ ጠዋት ከእነዚህ ሌላ ነገር ለእኔ አልተናገረም። ቅባቱ ግን አንድም ጊዜ ደቂቃ አላለፈም። በስልኩ ላይ አምስት ማስጠንቀቂያ ሞላ። ሰኞ ለአራት ሰዓቱም ለስምንት ሰዓቱም በእረፍቱ በባጃጅ መጥቶ ቀብቶኝ ተመለሰ። አሥራ ስምንት ጊዜ ነው። ያስቀየመው ነገር እያለ እጁ አንድም ጊዜ አልከበደኝም። ስለ ባለቤቴ ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

እናቴ እሑድ ዕለት ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አንተ ይርጋ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«ምንም የለም፣ እማማ።»

«እኔ ሳይናገር የሚያክም ሐኪም አይቼ አላውቅም። የሚናገር ሳያክም ግን ብዙ አይቻለሁ። ከሁለቱ አንተ ትሻላለህ፤ ቢሆንም ተናገር።»

ፈገግ ለማለት ሞከረና ወጣ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16፣ ቀጠሮዬ ነበር። ይርጋ ሳይጠየቅ አብሮኝ ተነሳ። ሐኪሟ ዓይኔን ቀለም ነክራ አየች፤ ቁስሉ መጥበብ ጀምሯል። ይርጋ እስክትጨርስ ጠብቆ ጠየቃት። እንደ መምህር ቀጥ ብሎ ነው የጠየቀው።

«ዶክተር፣ ይህ በሽታ የአባላዘር ነው ወይስ አይደለም?»

ሐኪሟ ወደ እኔ አየችና ወደ እሱ ዞረች። «ሁለት ዓይነት አለ። በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ከንፈርና ዓይን ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፣ በልጅነት የሚይዘው። ዘመዳሞች ስለሆኑ ስማቸው አንድ ነው። ባለቤትህ ከልጅነቷ ጀምሮ ምች እንደሚወጣባት አታውቅም?»

«አውቃለሁ። እሱ ግን ምች ነው።»

«አንተስ ወጥቶብህ አያውቅም?»

«እኔማ በፈተና ሰሞን አይቀርልኝም ነበር።»

«እንግዲያው አንተም ሳይኖርብህ አይቀርም። ከማን ያዘህ?»

ይርጋ አሰበ። «አያቴ ይሆናሉ። ከንፈራቸው ላይ ይወጣባቸው ነበር፤ መሳም ይወዱ ነበር።»

«ታዲያ እሳቸውን ትጠረጥራቸዋለህ?»

ይርጋ ሳቀ። ከአራት ቀን በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነው። ሐኪሟም ሳቀች፤ ቀጥላም ሌላ ጥያቄ እንዳለው ጠየቀችው። የለኝም አላት። ሌላ ሰው ወረፋ እየጠበቃት ነበር፤ ያን ሁሉ ደቂቃ ለትዳሬ የሰጠችው ከዚያ ሰው ጊዜ ላይ ነው።

በባጃጅ እየተመለስን አዘዞ መንገድ ላይ ደረስን።

«ያ የነገረኝ ሰውዬ ኬሚስትሪ ነው የሚያስተምረው» አለኝ።

«እሺ?»

«የባዮሎጂውን ብጠይቅ ይሻል ነበር።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺን ብጠይቅ ደግሞ ከሁሉም ይሻል ነበር። አጥፍቻለሁ» አለ።

«እኔም ሦስት ሰው ሲጠይቀኝ አልመለስኩም» አልኩት።

መጋቢት 25 ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ጉሙ ግን አልለቀቀም። ጠባሳው የት እንደሚቀር ገና አልታወቀም። ቢሮዬ ለሦስት ሳምንት ከማንበብ አሳርፎኝ ቃለ መጠይቅ ብቻ ሠራሁ፤ ባልደረቦቼ ተራዬን ተካፍለው አነበቡልኝ። በየጠዋቱ መስኮት ላይ ቆሜ ግራ ዓይኔን ሸፍኜ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር አያለሁ። መጀመሪያ አንድ ነጭ ነገር ነበር። ሚያዝያ 2 ላይ የቆርቆሮው ሸንተረር ተለይቶ ታየኝ። ሚያዝያ 6 ላይ ምስማሮቹን ቆጠርኩ። እናቴን ጠርቼ ነገርኳት። አጥሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ተንበርክካ መሬት ሳመች።

እናቴን አንድ ቀን እንኳ አልወቀስኳትም፤ የሚወቀስ ሥራም የላትም። በምታውቀው አክማኛለች፤ ፀሐይዋንም በትክክል ለይታለች። ሐኪሟ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳት። አንዴ ብቻ አቋርጣ ጠየቀችኝ።

«መርፌ ወጉሽ?»

«አልወጉኝም። ኪኒን ነው የሰጡኝ።»

«እስከ ዛሬ ማን ፈርቶ ነው ታዲያ አፋችንን ያዘጋን?» አለች።

ዳማከሴው ጓሮ አለ። ዓይን አጠገብ ግን አታደርሰውም። ከዚያ ወዲህ ታናሽ እህቴ በወለደች ጊዜ የእናቴ ከንፈር ላይ ወጥቶባት ነበር፤ ክርስትናው ቀን ሕፃኑን ሳትስም እግሩን ብቻ ዳስሳ ተመለሰች። ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። ቫይረሱ ለአራስ ሕፃን እጅግ አደገኛ መሆኑን ሐኪሟ ለእኔ ነግራኝ፣ እኔም ለእሷ ነግሬያት ነበር።

አያ ሞላን ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ እዚያው አግዳሚ ላይ አገኘኋቸው። ፋሻው ተነስቷል። የግራ ዓይናቸው ብርሃን አልተመለሰም፤ አይመለስም ተብለዋል።

«ቀኙ ሸጋ ነው» አሉኝ። «በሬዎቼን አያቸዋለሁ። አንቺስ?»

«ምስማር ቆጠርኩ።»

«በይ ቁጠሪ። የኔንስ ነገር ተናገርሽው?»

አልተናገርኩም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት በራሳቸው ፈቃድ፣ ባዘዙኝ ቃል በሬዲዮ ተናገርኩት። «ሞኝ» የሚለውን ቃል ልተወው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን አይቀርም አሉ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረው በራሴ ላይ ያረጋገጥኩትንና ሐኪሜ የነገረችኝን ነው። ዓይናችሁ ቀልቶ ብርሃን ከፈራ፣ በተለይ አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ሰሞኑን ከንፈራችሁ ላይ ምች ወጥቶ እንደሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ነጠላችሁን ዝቅ አድርጉ። ቀድሞ የታዘዘላችሁን ወይም ለጎረቤት የታዘዘውን የዓይን ጠብታ በራሳችሁ አትጠቀሙ፤ ቅላት መጥፋቱ መዳን ላይሆን ይችላል። ሕመሙ ቀንሶ ማየት ካቃታችሁ ነገ አትበሉ። ቁስሉ እርጥብ እያለ የነካችሁበትን እጅ ታጠቡ፤ ፎጣና ኩባያ ለዩ። ስሙም አያስፈራችሁ። ስሙን ሰምቶ የሚጠረጥር ሰው ካለ ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱና ራሱ ይጠይቅ።

ቫይረሱ አሁንም አብሮኝ አለ። ተመልሶ ዓይኔ ላይ እንዳይወጣ በቀን ሁለት ኪኒን እውጣለሁ፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ሐኪሟ ናት የምትወስነው። ፀሐይ ላይ ስወጣ ሰፊ ኮፍያና መነጽር አደርጋለሁ። ለሥራ ወደ ደጋ ስወጣ ጃንጥላዬን ከማኪናው አውርዶ የሚያስይዘኝ የቢሯችን ሹፌር ነው፤ ይርጋ ነግሮታል።

ባለውለታዎቼን ስቆጥር ብዙዎቹ ስሜን እንኳ የማያውቁ ናቸው። የማራኪዋ መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ለማታውቀው ሰው ቅባቱን ያወጣችው የኮላ ድባዋ ጓደኛዋ፣ ነጠላዬን ይዘው የመሩኝ ሽማግሌ። ከሁሉም በፊት ግን ጥያቄውን በምናውቀው ስም የጠየቀችኝ ሐኪም። አንዲት ቃል ናት። ያችን ቃል አውቃ ባትጠይቀኝ ኖሮ አራተኛ ጊዜ የለም ብዬ እመለስ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከ15። ነርሷ ግራ ዓይኔን ሸፍና ከሰንጠረዡ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ አቆመችኝ። ሰንጠረዡ ስምንት መስመር አለው። በቀኝ ዓይኔ እስከ ስድስተኛው መስመር ድረስ አነበብኩ፤ ከሰባተኛው ሁለት ፊደል ሳትኩ።